ወይዘሮ ሸዋረግ እና የትሉ ቤት

እምቢ ባይ ሰው የሌለበት ሰፈር ገና አልተቆረቆረም። ሦስት ጎጆ ባለበት መንደር እንኳ አንደኛዋ የእምቢ ባይ ናት። እሳት ልትጭር የሄደች ጎረቤት «እሳቱ ጠፍቷል፤ ደግሞስ ትናንት ወስደሽ የለም?» ተብላ ትሰደብና፣ ስድቡ ሳያልቅ ፍሙን በገል ይዛ ትመለሳለች። ወንፊት የተዋሰ፣ ገመድ የለመነ፣ አህያ የጠየቀ ሁሉ መጀመሪያ እምቢታውን ይቀበላል፤ ዕቃው ኋላ ይመጣል። እንግዳ ሰው ይህን ስለማያውቅ ተቀይሞ ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው ግን ትንሽ ቆም ይላል።

በጎንደር ከተማ፣ በቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለው ሰፈር፣ የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክብርት ወይዘሮ ሸዋረግ ነበሩ። ሌላው ሰው ግራዝማችነቱንም ቀኛዝማችነቱንም ከመንግሥት ይቀበላል። የእሳቸውን እምቢ ባይነት ግን የሾማቸው የለም፤ ይዘውት ተወለዱ። ባላቸው በጠላት ዘመን ዱር ገብተው በዚያው ቀሩ። ልጅ አልነበራቸውም። ጣሊያን ግቢያቸውን ቀምቶ ለበቅሎዎቹ ረጅም የድንጋይ ጋጣ ሠራበት፤ እሱ ሲባረር ጋጣው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ምንም ቢጠይቃቸው መልሳቸው አንድ ነበር፦ «እኔ ቆሜ? አይደረግም!»

ይባረክ ግን ይህን ሳያውቅ ነው በራቸውን ያንኳኳው። ዘመኑ 1946 ዓ.ም. ነው። ይባረክ የከብት ሐኪም ሲሆን፣ ባሕር ማዶ ተምሮ መጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ሥራው ከብት መውጋት ነው። እሱ ግን ሲወጋ ውሎ ማታ ማታ አንድ ነገር ያብሰለስላል፤ በደምቢያና በጭልጋ ሜዳ፣ ሣሩ ለምለም፣ ውሃው ብዙ፣ በጉ ግን የሚያልቀው ለምንድን ነው? ይህን አለቃውን ሲጠይቀው፣ አለቃው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው «አንተ መርፌህን ውጋ፤ ለምን የሚለውን ለእግዚአብሔር ተወው» አለው። ይባረክ በተፈጥሮው እሺ ባይ ነው። «እሺ ጌታዬ» ብሎ ወጣ። ወጥቶም አልተመለሰም።

አንድ ወዳጅ ነበረው፤ አያ አምባቸው የሚባሉ፣ በዕድሜ የሚበልጡት አስተማሪ፣ የገብስና የስንዴ ዘር ሲለቅሙ የሚኖሩ ሰው። ሁለቱ ተመካክረው፣ የማንም መሥሪያ ቤት የማያዝዘው፣ ከብቱንም እህሉንም ትሉንም የሚመረምር ማኅበር ለማቋቋም ቆረጡ። ሐሳቡ ነበራቸው፤ ስሙም ነበራቸው። የጎደላቸው ቤቱ ብቻ ነበር።

«ጋጣውን?» አሉ ወይዘሮ ሸዋረግ፣ በሩን በእጃቸው እንደያዙ። «ለምን?»

ይባረክ በትሕትና አስረዳ። ቀንድ አውጣ እንደሚያረባ፣ የታመመ ጉበት እየከፈተ እንደሚያይ፣ ትሎችን በብልቃጥ እንደሚያስቀምጥ አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። አብረውት የቆሙት አያ አምባቸው እግሩን ቢረግጡትም አልገባውም።

«የጣሊያን በቅሎ ወጣልኝ ስል የሐበሻ ትል ሊገባብኝ ነው? እኔ ቆሜ? አይደረግም!» በሩም ተዘጋ።

ይባረክ አዝኖ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን በዚያ ሲያልፍ ግን የጋጣው እበት ተዝቆ፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ ወልቆ የነበረው በር ተገጥሞ አየ። ወይዘሮ ሸዋረግ መጥረጊያውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ምነው ቆየህ?»

«እመይቴ፣ እምቢ ብለውኝ ነበርኮ።»

«አሁንም እምቢ ብያለሁ። ቤቱ ወና ሆኖ አይጥ ወረሰው፤ ሰው ቢገባበት አይጡ ይሸሻል ብዬ ነው። ትል የምትለውን ነገር ግን እንዳላይ!»

አያ አምባቸው በአንድ ጣውላ ላይ በቀይ ቀለም «ነፃ የሕይወታውያን ጥናት ማኅበር» ብለው ጽፈው በሩ ላይ ሰቀሉ። ወይዘሮ ሸዋረግ ጣውላውን አስነበቡት።

«ሕይወታውያን ማለት ምንድን ነው?»

«ሕይወት ያላቸው ሁሉ ናቸው፣ እመይቴ።»

«እኔም አለሁበት?»

«እንዴታ፣ አሉበት።»

«እንግዲያው እኔን ሳታስፈቅዱ ጻፋችሁኝ ማለት ነዋ!» ብለው ተቆጥተው ገቡ። ሰፈሩ ግን ያን ረጅም ስም አልተቀበለውም። «የትሉ ቤት» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና።

የትሉ ቤት እድገት የወይዘሮ ሸዋረግን እምቢታ ተከትሎ የሄደ ነው። ይባረክ ለቀንድ አውጣዎቹ የውሃ ዕቃ ሲያጣ «ገንቦዬን ለቀንድ አውጣ? እኔ ቆሜ!» አሉ፤ በማግስቱ ሦስት ገንቦ አፉ ተሰብሮ በጋጣው በር ተደርድሮ ተገኘ። «ተሰብሮብኝ ነው የጣልሁት» አሉ። ሦስቱም እኩል ነበር የተሰበሩት። የታመመ ጉበት ከቄራ ሲመጣ «በግቢዬ በሽታ አይገባም» ብለው በር ላይ ቆሙ፤ በሳምንቱ ግን ሥጋ ሻጩን «የትናንቱ ጉበት ምን ሆኖ ነው ጤነኛ የሆነ? ለእነዚህ ልጆች የማይረባውን ነው የምትሰጣቸው?» ሲሉት ተሰሙ። አያ አምባቸው ገብስ የሚዘሩበት ቦታ ሲለምኑ፣ ከጌሿቸው አንድ ቅጠል እንዳይነካ ማሉ፤ ከዚያ ራሳቸው ዶማ ይዘው ጌሾውን ወደ አጥሩ ጥግ ነቅለው ተከሉት። ይባረክ ማመስገን ሞክሮ ነበር። «ጌሾው ፀሐይ በዝቶበት ነው» ተብሎ ተመለሰ።

የይባረክ የድሮ አስተማሪ አሮጌ ማይክሮስኮፕ በላኩለት ጊዜ ዘመናይ መጣች። ዘመናይ ሐኪም ቤት በአስታማሚነት ስታገለግል የቆየች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ አነጋገሯ የቆረጠ ወጣት ናት። ወይዘሮ ሸዋረግ ከላይ እስከ ታች አይተዋት «ሴት ልጅ ተጎንብሳ ትል ስታይ ውላ ማን ያገባታል? አትገባም!» አሉ። ማታ ዘመናይ የምታድርበት ቤት እንደሌላት ሲሰሙ፣ በእልፍኛቸው አልጋ አነጠፉላት። ዓመታት አልፈውም እዚያው ነበረች።

የነፍስ አባታቸው አባ ሐብተ ማርያም አንድ ቀን በጸሎት መካከል ነገሩን አነሡ። ሰው ያወራል አሉ፤ እግዚአብሔር የሸፈነውን ሆድ መክፈት ድፍረት ነው ይባላል።

«አባ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረግ፣ «እርስዎስ በፋሲካ ዶሮዋ ስትበለት፣ ብልቷ እንዳይጎድል ብለው አጠገቤ ቆመው ሲቆጥሩ አልነበረም?»

«እሱ ሌላ ነው።»

«ሌላ አይደለም። ደግሞ እነዚህን ልጆች የምቆጣ እኔ አለሁ። ሁለት ሰው ከተቆጣቸው ይበዛባቸዋል።»

አባም ነገሩን ተዉት። እንዲያውም ከጊዜ በኋላ የሳቸውን ላም ራሳቸው እየነዱ አመጡ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ስም አገኘ። ከወገራ፣ ከደምቢያ፣ ከጭልጋ ገበሬ በጉን እየጎተተ ይመጣል። የአያ አምባቸው ገብስ ዋግ ሲመታው የትኛው እንደሚቋቋም ይታይ ጀመር። ግን ጣሪያው አርጅቶ ነበር። በክረምት ዝናቡ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይንጠባጠባል፤ የማይክሮስኮፑ መስተዋት ሻጋታ እየያዘው ዘመናይ በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርገው ትውላለች። ይባረክ ሌሊት ዝናብ በሰማ ቁጥር ይባንናል። እዚያ ጋጣ ውስጥ የወጣትነቱ ዕድሜ ሁሉ ነበረ።

ፊታውራሪ አድማሴ የመጡት በዚህ ጊዜ ነው። ፊታውራሪ የወይዘሮ ሸዋረግ የአክስት ልጅ ሲሆኑ፣ በጭልጋ፣ ከአይከል ከተማ አለፍ ብሎ፣ ሰፊ ርስት አላቸው። ወይዘሮ ሸዋረግም በዚያው ርስት ድርሻ ስላላቸው የዓመት ቀለባቸው የሚመጣው ከዚያ ነው። ፊታውራሪ ክፉ ሰው አልነበሩም። ደግ ነገር ሲሠሩ ሰው እንዲያይላቸው የሚፈልጉ፣ ከተናገሩ ወዲያ መመለስ የሚከብዳቸው ሰው ነበሩ። በጋጣው በር ሲገቡ ግንባራቸውን መቱና እያሻሹ ሣቁ።

«ይህን የመሰለ ሥራ በበቅሎ ቤት? አይገባም። በማራኪ ሰፈር በኩል ያለኝን መሬት ውሰዱት። ድንጋዩም እንጨቱም በኔ ነው።»

ይባረክ ተጎንብሶ እጅ ነሣ። ፊታውራሪ ቀጠሉ።

«በአገሬ በጉ እያለቀ ነው። መንጋጋው ያብጣል፣ ሆዱ ይንጠለጠላል፣ ይሞታል። ሰዉ የሚለውን ሰምተሃል። እነዚያ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮች ናቸው፤ ዓይናቸው ነው ይላል። እኔ የተማርሁ ባልሆንም ይህን አላምንም። ግን ጭቃ የሚያወጡበት ጉድጓድ ውሃ ይቋጥራል፤ በጉ ከዚያ ይጠጣል። ሂድና እይልኝ። በኅዳር ሚካኤል ሽማግሌዎቹ ሰዎቹን እናስነሣ አናስነሣ ብለው ሊፈርዱ ቤቴ ሲሰበሰቡ ተነሥተህ ታስረዳቸዋለህ።»

ይባረክና ዘመናይ ወደ ጭልጋ ሄዱ። በመንደሩ ዳር የቤተ እስራኤል ቤቶች አሉ። አያ ነጋ የተባሉት ቀጥቃጭ የአገሩን ማረሻ ሁሉ የሚሠሩ ናቸው፤ ሚስታቸው አየለች ደግሞ ሸክላ ትሠራለች። መንደሩ በአያ ነጋ ማረሻ ያርሳል፣ በአየለች ድስት ወጡን ይሠራል፤ ልጁ ሲታመም ግን ዓይናቸውን ይፈራል። ይባረክ በደረሰበት ሳምንት የአያ ነጋን ወናፍ ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው በካራ ቀዶት ነበር። ሽማግሌው የተቀደደውን ቆዳ እየሰፉ ተቀበሏቸው።

«ጌታው» አሉ አያ ነጋ፣ ጉድጓዱን እያሳዩ፣ «በሽታው ከኛ ጉድጓድ ካለ፣ አለ በሉ፤ አትደብቁልን። ግን ሌላውንም ውሃ እዩልን። እኛ ከዚህ ብንወጣ የምንሄድበት የለንም።»

አዩ። የበግ ጉበት የሚበላው ትል የሚፈለፈለው በቀንድ አውጣ ሆድ ነውና መጀመሪያ የፈለጉት ቀንድ አውጣ ነው፤ በጉድጓዱ ውሃ ነበር፤ ጥቂት። ዘመናይ አንዱን ቀጥቅጣ በማይክሮስኮፑ ስታየው የጉበት ትሉ ጫጩት ሲርመሰመስ አገኘችው። ከዚያ ቁልቁል ወረዱ። ፊታውራሪ ከወንዙ ቦይ አስቀድደው ለሰንጋዎቻቸው ያለሙት ሜዳ አለ፤ በበጋ የመንደሩ በግ ሁሉ በፈቃድ የሚሰማራበት። ሜዳው ረግረግ ሆኗል። እዚያ ቀንድ አውጣው በእፍኝ የሚዛቅ ነበር። ትል የሌለበትን ቀንድ አውጣ ፈልጎ ማግኘት ነው ያቃታቸው።

ያዩትን ይዘው ወደ ጎንደር ተመለሱ።

«ጉድጓዱም አለበት» አሉ አያ አምባቸው፣ ሦስቱ በጋጣው ተቀምጠው ሲማከሩ። «ከጉድጓዱ ነው ብትል ውሸት አልተናገርህም። ቤቱን እንሥራ። ቤቱ ከቆመ ወዲያ ስንት በሽታ እናጠናለን፣ ስንት ሰው እንጠቅማለን። ሌላውን ቀስ ብለን ለብቻቸው እንነግራቸዋለን።»

«ለብቻቸው ስንነግራቸው አያ ነጋ የት ይሆናሉ?» አለች ዘመናይ።

ወይዘሮ ሸዋረግ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ይባረክ ሲያያቸው «ይኸው እመይቴ፣ ቤትዎን ልንለቅልዎ ነው» አለ፣ ሊያስቃቸው ፈልጎ።

«ተመስገን!» አሉ። «የዘመናት ጸሎቴ ነው።» ከዚያ ግን አልሄዱም። «ያ ሰውዬ ልጆች አሉት?»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ወናፉን የቀደዱበት።»

«አሉት፣ እመይቴ። የልጅ ልጅም አለው።»

ወይዘሮ ሸዋረግ ምንም አላሉም። ሳይቆጡ፣ ሳይሳደቡ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ይባረክ በነዚያ ሁሉ ዓመታት እምቢታቸውን ለምዶ እንደ ውሃ ድምፅ ነበር የሚሰማው። ዝምታቸውን ግን አያውቀውም። እስከ ሚካኤል ድረስ በጆሮው ሲጮህበት ሰነበተ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት የፊታውራሪ ዳስ ሞልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ በላይ በኩል፣ ወይዛዝርቱ በጎን ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ሸዋረግ «እኔ እዚያ ድግስ አልረግጥም» ብለው ስለነበር ከሁሉ ቀድመው መጥተዋል። ከተበላና ከተጠጣ በኋላ ፊታውራሪ እጃቸውን አነሡ።

«ይህ የተማረ ልጅ ነው። ሄዶ አይቷል። ከጉድጓዱ ነው ወይስ አይደለም? ንገራቸው።»

ይባረክ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ከጉድጓዱ አለ» አለ። ዳሱ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ «አላልሁም!» ብሎ ዘንጉን መሬት መታ። ፊታውራሪ «በቃ፣ ተቀመጥ» አሉት።

ዕድሜውን ሙሉ ተቀመጥ ሲባል የተቀመጠ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ቆሞ ቀረ።

«አልጨረስሁም፣ ጌታዬ። ከጉድጓዱ ያለው ጥቂት ነው። የበዛው ከእርስዎ ሜዳ ነው። በጉ የታመመው ቦዩ ከተቀደደ ወዲህ እንደሆነ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ያውቃሉ። ዓይንም አይደለም፣ ሰውም አይደለም፤ ትል ነው። አያ ነጋ ነገ ቢወጡ በጉ ከነገ ወዲያም ይሞታል።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ወደ ፊታውራሪ ዞሩ።

«እንግዲህ» አሉ ፊታውራሪ ቀስ ብለው፣ «በሽታው የኔ ነው ማለትህ ነው?»

«የውሃው ነው፣ ጌታዬ። ቀንድ አውጣ ርስት አያውቅም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሣቀና ወዲያው ሣቁን በሳል ሸፈነ። ያ ሣቅ ነው ነገሩን ያበላሸው። ፊታውራሪ ፊታቸው ጠቆረ፤ ስለ ማራኪው መሬት ከዚያ ወዲያ የተናገረ የለም። ያም ሆኖ ነገሩ በብዙ ጆሮ ገብቷልና ሽማግሌዎቹ በአያ ነጋ ላይ ሳይፈርዱ ተበተኑ።

በሳምንቱ ፊታውራሪ ወደ ጎንደር መጥተው ወደ ወይዘሮ ሸዋረግ ቤት ገቡ። አነጋገራቸው አጭር ነበር። እነዚያን ትለኞች ከግቢሽ አስወጪ አሉ፤ አለዚያ ከርስቱ ቀለብ አትጠብቂ። ደጅ ያለ ሰው ሁሉ የለመደውን ጩኸት ሊሰማ ጆሮውን አቆመ። የተሰማው ግን ሌላ ነው።

«እሺ፣ ወንድሜ» አሉ ወይዘሮ ሸዋረግ። «እሺ። ግድ የለም፣ እሺ።»

ወሬው ጋጣው ድረስ ሮጠ። ይባረክ ቁጭ አለ። እኚህ ሴትዮ በሕይወታቸው ለማንም እሺ ብለው አያውቁም፤ ካሉ አበቃ ማለት ነው። ተነሣና ብልቃጦቹን በጭድ እየጠቀለለ በሣጥን ያስገባ ጀመር። አያ አምባቸው የገብስ ዘራቸውን በስልቻ ቋጠሩ። ይባረክ በዳሱ ውስጥ በተናገረው አልተጸጸተም፤ ግን ያ ሁሉ ዓመት በአንድ ሣጥን መግባቱ አንጀቱን በላው።

ወይዘሮ ሸዋረግ ብቅ አሉ። ሣጥኑን አዩ፤ ስልቻውን አዩ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«እሺ ብለዋል ሲሉን…»

«ብያለሁ። ታዲያሳ?»

«እንግዲህ ልንወጣ ነዋ፣ እመይቴ።»

«እኔ ውጡ አልኋችሁ?»

«ለፊታውራሪ…»

«ለፊታውራሪ ያልሁት የፊታውራሪ ነው፤ አንተ ምን አገባህ? የሽማግሌ ፊት እንዳይቀላ እሺ ይባላል። እኔ ለእናንተ ምን አልሁ? ደግሞ ያን ጭድ ማን ፈቅዶላችሁ ነው የበተናችሁት? የጥጃዬ ነው! ልቀሙ!»

ዘመናይ ፊቷን በእጇ ሸፍና ሣቀች። ይባረክ ተንበርክኮ ጭዱን ለቀመ። ጭዱ በእንባው መራሱን ያዩት አያ አምባቸው ብቻ ናቸው። እሳቸውም ስልቻቸውን ፈቱ፤ ስለ ግማሽ እውነትም ከዚያ ቀን ወዲያ አልተሟገቱም።

ፊታውራሪ የዛቱትን አደረጉ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ከጭልጋ እህል አልመጣም። በዘመዶቻቸው ማኅበርም ለወይዘሮ ሸዋረግ የሚላክ ጥሪ ቀረ። እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ነገሩን አላነሡም። «እህል ያወፍራል» ብለው ጎመን ተከሉ። ይባረክ ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ ፈረስና በቅሎ እያከመ ያገኘውን ጤፍ ወደ ቤታቸው ሲያስገባ «አልቀበልም» ይሉታል፤ እሱም እስኪሉ ቆም ብሎ ያስቀምጠዋል። መቆም ተምሯል።

በሁለተኛው በጋ ፊታውራሪ ከሁሉ የሚወዱት ሙክት ታረደ፤ ከስቶ ነበር። ጉበቱን በገዛ ካራቸው ሰነጠቁት። ቅጠል የመሰሉ ትሎች ከውስጡ ተንሸራተው ወጡ። በሳምንቱ የቦዩ አፍ በድንጋይና በጭቃ ተደፍኖ ተገኘ። ሜዳው ሲደርቅ በጉ እየዳነ ሄደ። አያ ነጋም ማረሻቸውን መሥራት ቀጠሉ። ስለ ዓይናቸው የሚወራው ወሬ አልጠፋም፤ እንዲህ ያለ ወሬ በአንድ በጋ አይደርቅም። ወናፋቸውን የነካ ግን አልነበረም።

ቤቱም ተሠራ፤ በማራኪ ሳይሆን እዚያው በቀሐ፣ በጋጣው ጎን። በጉ የዳነለት ገበሬ ከወገራ ግንድ ጎተተ፣ ሌላው በአህያ ድንጋይ ጫነ፣ የአያ አምባቸው ተማሪዎች ጭቃ ረገጡ። ወይዘሮ ሸዋረግ «በግቢዬ ግንብ አይቆምም!» እያሉ ለሠራተኛው ሁሉ ቆሎ ሲያከፋፍሉ ከረሙ። ቤቱ ሲያልቅ ከአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሰዎች መጥተው በሥልጣናቸው ሥር ሊያስገቡት ጠየቁ፤ መኪና እንሰጣለን፣ ደመወዝ እንቆርጥላችኋለን፣ ውጤቱ ግን በኛ ፈቃድ ይውጣ አሉ። ይባረክ ሻይ አጠጥቶ፣ አመስግኖ፣ «አይሆንም» አላቸው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንዴት እንደቀለለው ራሱ ገረመው።

ወይዘሮ ሸዋረግ ያረፉት በ1961 ዓ.ም. በጥቅምት፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ ነው። ለሦስት ቀን ብቻ ታመሙ። ይባረክ ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ሲላቸው የተለመደውን መለሱለት፤ ቆሞ ጠበቀ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከእምቢታው በኋላ የመጣ ነገር አልነበረም።

ለቅሶው ላይ ከተማው ወጣ። አልቃሿ የሰፈሩ ሴት ነበረች፤ ደረቷን እየደቃች ሙሾውን አወረደችው፦

«ዕድሜ ልኳን ሁሉ እምቢ ስትል ኖራ፣
ምነው ዛሬ እሺ አለች ሞት መጥቶ ቢጠራ?»

የሚያለቅሰው ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሣቀ። ፊታውራሪ አድማሴም ነበሩ፤ አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የቆሙት። ይባረክን ጠጋ ብለው «በሕይወቷ አንድ ጊዜ እሺ ያለችው እኔን ነው» አሉት። «እሱንም አልፈጸመችው።» ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሡ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ራቅ ብሎ፣ ከወንዙ ማዶ፣ አያ ነጋና አየለች ቆመው ነበር። ሃይማኖታቸው ሬሳ አያስቀርብም፤ ግን ከጭልጋ ድረስ መጥተዋል። ይባረክ ግብዓተ መሬቱ ሲያልቅ ተሻግሮ ሄደ።

«አንድ ቀን እንኳ አይተናቸው አናውቅም» አሉ አያ ነጋ። «መልካቸው ምን ይመስል ነበር?»

ሦስቱም ሰዉ እስኪበተን ድረስ ጎን ለጎን ቆሙ።

ወደ ትሉ ቤት ሲመለስ በግቢው በር ላይ አንድ ገበሬ ቆሞ አገኘ። ከወገራ የመጣ ነው፤ መንጋጋዋ ያበጠ በግ በገመድ ይዟል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰውዬው ግን አልገባም።

«ምነው ቆምህ?» አለው ይባረክ።

«ኧረ ጌታው፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። ሌላ ጊዜ ስመጣ እመይቴ እዚህ በር ላይ ሳይቆጡኝ ገብቼ አላውቅም። ዛሬ የሚቆጣ አጣሁ። ዝም ብሎ መግባት ደግሞ ነውር መሰለኝ።»

ይባረክ ሰውዬውን አየው፤ በጓን አየ። ከዚያ በዚያ ግቢ ውስጥ ድምፁን አንድ ቀን እንኳ ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው እጁን ወገቡ ላይ አደረገና ጮኸ፦

«ታዲያ መንጋጋዋ እስኪያብጥ ምን ስትጠብቅ ነበር? በግ እንዲህ ሆና ትመጣለች? አልቀበልህም!»

የገበሬው ፊት በራ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታው» አለና በጓን እየጎተተ ገባ።